ለጸሎት ቡድናችን አባላት፦ ስለ ጃፓንኛ ትምህርቴ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ከወንጌል መልእክተኛነት ሥልጠናዬ ጎን ጃፓንኛ ከጀመርሁ አራተኛ ወር ሆኖኛል። የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል፣ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ አጠናለሁ። ሁለቱ የጃፓንኛ የድምፅ ፊደላት፣ ሂራጋናና ካታካና፣ እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ሆሄያት አሏቸው፤ እንደ እኛው ፊደል አብዛኛው ምልክት ተነባቢውንና አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ቶሎ ገቡኝ። ግሡም እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ይመጣል፦ «ፓን ኦ ታቤማስ» ማለት «ዳቦ እበላለሁ» ነው። ከባዱ ካንጂ፣ ማለትም ከቻይና የመጣው ባለ ትርጉም ምልክት፣ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው።

እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በ1549 እ.ኤ.አ. የጃፓኗ ካጎሺማ የደረሰው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር እግዚአብሔርን መጀመሪያ የሰበከው «ዳይኒቺ» በሚል ቃል ነበር። የአንድ ቡድሃ ስም መሆኑን ሲረዳ ቃሉን ትቶ በላቲኑ «ዴዉስ» ተካው። ያን ያህል የደከመ ሰው በአንድ ቃል ተሳሳተ! ስለዚህ ስለ ጃፓን ጉዞዬ ስትጸልዩ፣ ከመናገሬ በፊት በደንብ የምሰማ እንድሆን አደራ ጸልዩልኝ።

ሂራጋና መሞከር የምትፈልጉ ዓርብ ከሳቢያን ሰፈሩ ጸሎት በኋላ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ቆዩ፤ ከአምስቱ አናባቢዎች እንጀምራለን።