እኛ «የጀርም ክበብ» አይደለንም

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ክበባችን «የጀርም ክበብ» እየተባለ እንደሚጠራ አውቃለሁ። ስሙ ግን የደቂቅ ዘአካላት፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን፣ ክበብ ነው። ከደቂቅ ዘአካላት መካከል በሽታ የሚያመጡት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩት ባይኖሩ የወደቀ ቅጠል እንደወደቀ ይቀራል፣ የጥራጥሬ ተክሎችም ሥሮቻቸው ላይ ናይትሮጅን የሚያዘጋጅላቸው አያገኙም። አንዳንድ ወላጆች «ልጄ በሽታ ይዞብኝ እንዳይመጣ» ብለው ስለጠየቁን ይህን ማስረዳት ግማሽ ዓመት ወስዶብናል።

ስብሰባዎቻችን ዘወትር ረቡዕ ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። በአንደኛው ሴሚስተር ቅጠልና ፍግ ከምረን የብስባሹን ሙቀት ስንለካ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደረሰ። ተማሪዎቹ ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሏቸው ሁለት ጊዜ መለሱልኝ። ክምሩ ሲገለጥ እንፋሎቱን አይተው ነው ባክቴሪያዎቹ እየበሉ እንደሚያሞቁት ያመኑት።

ከሁሉ የማልረሳው ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሄድንበትን ቀን ነው። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከአውቶቡስ እንደወረደች አፍንጫዋን በሹራብ እጅጌዋ ያዘች፤ እዚያው ትቀመጥ ይሆን ብዬ ሠጋሁ። አስጎብኚያችን አየር የሚነፋበትን ገንዳ አሳዩን። አየሩ ባክቴሪያዎቹ እንዲተነፍሱበት ነው፤ ቆሻሻውን እየበሉ ይባዛሉ፣ እርስ በርስ ተያይዘው ወደ ታች ይዘቅጣሉ፣ የጠራው ውኃ ከላይ ይፈስሳል። ዘዴው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1914 ይፋ ከሆነ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ከገንዳው አንድ ጠብታ ወስደን በጣቢያው ማይክሮስኮፕ አየን። ልጅቷ ተራዋ ሲደርስ ያገኘችው ቮርቲሴላን ነው፤ በቀጭን ዘንግ ላይ የቆመች፣ ደወል የምትመስል ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት። ክንዷ ጠረጴዛውን ነካ ሲያደርግ ዘንጉ እንደ ጥምዝ ሽቦ ተሰብስቦ ደወሏ ወደ ታች ሸሸች። «መምህር፣ አስደነገጥኳት!» አለች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሹራቡን ከአፍንጫዋ መቼ እንዳወረደች አላየሁም። አስጎብኚው እንዲህ ያሉት ሲበዙ ገንዳው ጤነኛ ነው ማለት እንደሆነ ነገሯት። እሷ ግን ዘንጉ ቀስ ብሎ እስኪዘረጋ ትጠብቅ ስለነበር የሰማቻቸው አይመስለኝም። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ግን አላስነሣኋትም።

ያልተሳካልንም አለ። በታጠበና ባልታጠበ እጅ ላይ ያደረግነው ሙከራ ከሽፏል፤ ጀርም ማምከኛ መሣሪያ ስለሌለን ባክቴሪያ ልናሳድግባቸው ያዘጋጀናቸውን ሳህኖች ሁሉ ሻጋታ ወረሳቸው።

34 አባላት አሉን፤ ማይክሮስኮፓችን አንድ ነው። ባክቴሪያን በቅጡ የሚያሳየው ሌንስ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ሆነው። ሆላንዳዊው ሌዌንሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ቆሻሻ ራሱ በሠራው ሌንስ አይቶ ባክቴሪያን አግኝቷል፤ እኛ ገና አላየንም። የእግር ኳስ ክበቡ ዘንድሮ ሁለተኛ ማሊያ በማግኘቱ ከልብ ደስ ብሎናል። የእኛዎቹ ተጫዋቾች ማሊያ አይጠይቁም፤ የቸገራቸው መታየት ብቻ ነው።

ሌንሱ ከተተካ ለከርሞ የመጀመሪያው ተራ ተይዟል። ያቺ ልጅ ከወዲሁ ተመዝግባለች።