ጅሬን ዳገት ላይ የበራው ቀይ መብራት፦ የመኪና ጥገና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት። 9ኙ ሴቶች ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ከፊዚክስ ላብራቶሪው ጀርባ፣ ቆርቆሮው ጥላ ስር እንገናኛለን። በመጀመሪያው ሴሚስተር ጎማ መቀየር፣ ባትሪ መፈተሽ፣ የባጃጅ ካንዴላ ማጽዳት፣ የፍሬን ሸራ ማየት ተምረናል። ሁለት ጊዜ በዝናብ፣ አንድ ጊዜ በስብሰባ ምክንያት ሳንገናኝ ቀርተናል።

በደንብ ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ትምህርት ቤታችን አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው። ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ወረቀትና ጠመኔ የምታመላልሰው እሷ ናት። ልጅ ሲታመም ሆስፒታል የምታደርሰውም እሷው ናት። ሞተሯ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው።

ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከታሪክ ክበብ ጋር የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ልናይ ጅማ አጠገብ ወዳለው ጅሬን ኮረብታ ወጣን። ከከተማው ሰፈር ከፈረንጅ አራዳ ስንነሳ መኪናዋ ደህና ነበረች። ዳገቱ ላይ ሹፌራችን ማርሽ ቀንሰው ነዳጅ ሲሰጡ የዘይት ግፊት ሲወርድ የሚበራው ቀይ መብራት ቦግ አለ። "ሴንሰሩ ነው የተበላሸው፣ ደርሰናል እኮ" አሉ። ከኋላ ወንበር አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ጮኸች። "ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት! ሴንሰሩ ከሆነ ቆመን እናየዋለን። ካልሆነ ግን ሞተሩ ይነክሳል፣ ደርቆ ይቀራል!"

ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። ስጠይቃት እንኳ አንገቷን ደፍታ ነው የምትመልሰው። ሹፌራችን በመስታወት አዩዋትና ዳር ይዘው ሞተሩን አጠፉ። እሳቸውንም በዚህ አጋጣሚ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘን አየን። ዘይቱ ሙሉ ነው። አሸተትነው፣ ናፍጣ ናፍጣ አይልም፤ ናፍጣ ገብቶ አላቀጠነውም ማለት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ስናስነሳ መብራቱ ጠፋ። ልጅቷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ "ዳገት ላይ በራ፣ ቆመን ስንነሳ ጠፋ" ብላ ጻፈች። ቀስ ብለን ወደ ከተማ ተመለስን። ቤተ መንግሥቱን ያየነው በሌላ ቅዳሜ፣ በእግራችን ወጥተን ነው።

ሰኞ መኪናዋ ጋራዥ ገባች። ባለሙያው ኮፈኑን ከፍቶ ድምጿን ሰማና "ሞተሩ አልቋል፣ መታደስ አለበት" አለን። ምንም አልለካም። የጠራውን ዋጋ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። ሌላው ደግሞ "ወፍራም ዘይት ጨምሩበት፣ መብራቱ ይጠፋል" ብሎ መከረን። ወፍራም ዘይት አንዳንዴ መብራቱን ያጠፋል። በሽታውን ግን አያድንም።

እኛው ለክተን እንድናይ ርዕሰ መምህሩን ሁለት ሳምንት ለመንኳቸው። ፈቀዱልን። የግፊት መለኪያ ማኖሜትር ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። የመጀመሪያ ቀን ሥራው ተበላሸብን። መለኪያው የሚታሰረው በሴንሰሩ ቦታ ነው። የእኛ ሴንሰር ጥርሱ በአንድ ኢንች 28 ነው፤ የተዋስነው መለኪያ ጫፍ ደግሞ 27። በዓይን አይለዩም። በግድ ስናስገባው ዘይት ፊጭ ብሎ የሁለት ልጆች ዩኒፎርም ተበላሸ። ወላጆቻቸውን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በሳምንቱ ትክክለኛውን ማገናኛ አገኘን።

ከመለካታችን በፊት አንድ ነገር ደጋግሜ ነገርኳቸው። የዘይት ፖምፓ ራሱ ግፊት አይፈጥርም። ፖምፓው ዘይት ይገፋል። ግፊት የሚመጣው ዘይቱ በሚሽከረከረው የሞተር ዘንግና ዘንጉን በሚይዙት ኩሽኔታዎች መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ሲያልፍ ነው። ኩሽኔታ ሲበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል። ዘይት ሲሞቅም ይቀጥናል። ስለዚህ የተበላ ሞተር ሲሞቅ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሲሠራ፣ ግፊቱ ይወርድና ነዳጅ ሲሰጠው ይነሳል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ሲሞቅ በሚኒሞ ቢያንስ 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ባር ገደማ ይጠበቃል።

ሞተሩን አሙቀን ለካን። በሚኒሞ 0.9 ባር አሳየ። መጥፎ አይደለም። ወደ 2000 ዙር ስናወጣው 1.6 ሆነ። 3000 ላይ ሲደርስ ግን ቀስቱ ተንቀጠቀጠና ቁልቁል ወረደ። 1፣ 0.7፣ 0.4። ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ቶሎ አጠፋነው።

ሁላችንም ዝም አልን። ልጅቷ ደብተሯን አየች፣ ቀስቱን አየች። "ቲቸር፣ የተበላ ቢሆን ነዳጅ ሲሰጠው ይነሳ ነበር። ይሄ ግን እየወረደ ነው። ፖምፓው ዘይት እያጠረው ነው። ከታች የሆነ ነገር ዘግቶበታል። ጅሬን ላይ ቆመን ስንነሳ የጠፋውም ለዚህ ነው። ሞተሩ ሲቆም የዘጋው ነገር ይለቃል።"

እኔ እዚያ ላይ አልደረስኩም ነበር። ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን አላስታውስም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዓይኔን ጠረግሁ።

ከሞተሩ ስር ዘይት የሚጠራቀምበትን ኮፓ ማውረድ ሁለት ሐሙስ ፈጀብን። የፊት አክስሉ አላሳልፍ አለን። ሲወርድ የፖምፓውን መምጠጫ ወንፊት አየነው። ግማሹ ተሸፍኗል። የሸፈነው ጥቁርና ግራጫ የሲሊኮን ቁርጥራጭ ነው፣ ልክ እንደ ትል። ከዚህ በፊት ኮፓውን የገጠመ ሰው ማሸጊያ ሲሊኮኑን አብዝቶ ቀብቷል። ትርፉ ወደ ውስጥ እየተቆረጠ ወርዷል። ልጅቷ በፒንሳ አንድ በአንድ ለቅማ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረችው። 31 ቁራጭ ቆጠረች።

ወንፊቱን አጠብን፣ ሲሊኮኑን በስሱ ቀብተን ገጠምን፣ ፊልትሮና ዘይት ቀየርን። አሁን ሲሞቅ በሚኒሞ 1 ባር፣ በ3000 ዙር 3.4 ባር ነው። ኩሽኔታው አዲስ ነው አልልም፣ መኪናዋ አርጅታለች። ግን ሞተሩ አላለቀም ነበር። ሚያዝያ ላይ ጅሬንን ሦስት ጊዜ ወጥታዋለች፣ መብራቱ አልበራም።

"ክበቡ ልጆቹን ዘይት ከማስነካት ሌላ ምን አስተማራቸው?" ያሉ ወላጆች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለሞተር እድሳት ሊያወጣ የነበረውን ገንዘብ ሒሳብ ክፍልን ይጠይቁ። እኛ ለዚህ ሁሉ ያወጣነው የዘይት፣ የፊልትሮና የአንድ ቱቦ ሲሊኮን ዋጋ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችን በየዓመቱ አዲስ ማሊያ ይገዛለታል፣ ደስ ይለኛል። የእኛ ክበብ ግን ዓመቱን ሙሉ የሠራው በተዋሰ መለኪያና በአንድ ሙሉ ባልሆነ የቁልፍ ሳጥን ነው። ከፍ ያደረግነውን መኪና የምናስቀምጥባቸው የብረት ማቆሚያዎች እንኳ የሰው ናቸው። ልጆች ከስሩ በሚገቡበት መኪና ላይ ይህ ሊሆን አይገባም።

ማኖሜትሩን ሰኔ ላይ ለባለቤቱ መልሰናል። ለመስከረም የራሳችን ማኖሜትር፣ 4 የብረት ማቆሚያና ጓንት ያስፈልገናል። ልጅቷ በመጪው ዓመት 12ኛ ክፍል ናት፤ የክበቡ ሰብሳቢ እንድትሆን አባላቱ መርጠዋታል። 31ዱ የሲሊኮን ቁርጥራጭ በብልቃጥ ውስጥ ላብራቶሪው መደርደሪያ ላይ አለ። ማየት የሚፈልግ ወላጅ ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ይምጣ፣ እሷው ታስረዳዋለች።