ለአባዬ፣ ከታኬዳ ተራራ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ አባዬ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትልቋ አሁን ስምህን በአማርኛ ራሷ ትጽፋለች። የትንሹ የታችኛው ጥርስ ወለቀ። ጣራ ላይ ወረወርነው። እዚህ ጃፓንም የታችኛውን ጥርስ ጣራ ላይ ነው የሚወረውሩት፤ ሲያይ በጣም ደስ አለው።

ዛሬ ግን ስለ አንድ ግንብ ልጽፍልህ ነው። ቅዳሜ ለት ልጆቹን ይዤ ታኬዳ ወጣሁ። ከሂሜጂ በባቡር ወደ ሰሜን ነው፤ አሳጎ የሚባል ከተማ ውስጥ። ከጣቢያው ጀርባ ያለው መንገድ ዳገት ነው። ልጆቹን እያሳረፍኩ ወጣን። ጫፉ ላይ፣ 353 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የድሮ ምሽግ ፍራሽ አለ። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ከሥሩ ካለው የማሩያማ ወንዝ ጉም ይነሳና ሸለቆውን ይሞላዋል። ከማዶ ተራራ ለሚያየው ሰው ግንቡ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስላል። እኛ እላዩ ላይ ነበርን። ትንሹ «አባባ አገር እንዲህ ነው?» አለኝ። ሊማሊሞ ላይ ቆመን ጉሙን ቁልቁል ያየንበትን ቀን ነገርኩት። ታስታውሰው ይሆን?

መጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1440ዎቹ ነው ይባላል። በእኛ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው። ያማና የሚባሉ መሳፍንት አሠርተው ለባለሟሎቻቸው ለኦታጋኪዎች ሰጧቸው። በ1577 በኋላ ጃፓንን አንድ ያደረገው የጦር መሪ የሂዴዮሺ ወንድም ሂዴናጋ ጦር ይዞ መጥቶ ወሰደው። አሁን የሚታየውን ግንብ ያሠራው ግን የመጨረሻው ጌታው አካማትሱ ሂሮሂዴ ነው ይላሉ። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ወርዱ 100 ሜትር ይሆናል። ቤት የሚባል ነገር የለም። ጣራውም እንጨቱም ሄዷል። የቀረው የግንበኛ እጅ ብቻ ነው።

አንተ ብታየው እያልኩ ነው የዞርኩት። ሲሚንቶ የለው፣ ኖራ የለው፣ ጭቃ የለው። የፋሲል ግንብ እንኳ ኖራ አለው። ይሄ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። ስልቱ የአኖ ይባላል። አኖ ቢዋ ሐይቅ አጠገብ ያለ የግንበኞች መንደር ነው። ድንጋዩን ብዙም አይጠርቡትም። አገላብጠው፣ የሚስማማውን ቦታ ፈልገው ያስቀምጡታል። ረጅሙ ወገን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ የምታየው ግንባሩን ብቻ ነው። ከኋላው ኮረት ይሞላሉ። የዝናቡ ውሃ በዚያ በኩል ይወርዳል እንጂ ግንቡን አይገፋም። ማዕዘኑ ላይ ረጃጅም ድንጋዮች አሉ፤ አንዱ ወዲህ፣ በላዩ ያለው ወዲያ። «ማዕዘኑ ካልተናከሰ ግንብ አይባልም» ትለኝ የለ? ያንን የሰማሁት ቱምቢህንና ሲባጎህን ይዤ ከኋላህ ስከተል ነው። እነዚህ ከ400 ዓመት በላይ ተናክሰው ቆመዋል። ጎብኚ በዝቶ መሬቱን ስለጎዳው አሁን ምንጣፍ ዘርግተው በተከለለ መንገድ ብቻ ነው የሚያስኬዱት። ደግ አደረጉ።

ሂሮሂዴ በ1600 በሴኪጋሃራ ጦርነት ከተሸነፈው ወገን ነበር። በኋላ ቶቶሪ የሚባለውን ምሽግ ሲያጠቃ ከተማውን አቃጥለሃል ተባለ። በሴኪጋሃራ ያሸነፈው ኢዬያሱ ራስህን ግደል ብሎ ፈረደበት። እዚያው ቶቶሪ፣ ከቤቱ ርቆ ሞተ። ግንቡም ያኔ ባዶ ቀረ። ይህን ለትልቋ ስነግራት «ቤቱ ያሉት ሰዎች መቼ ሰሙ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። እማዬ ናት የመጣችብኝ።

በየእሁዱ እደውል ነበር አባዬ። «ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች።» «ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ወጥታለች።» «አሁን ገና ተኛች፣ አልቀስቅሳት።» ስድስት እሁድ። የነገራችሁኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ፈተና ስለነበረብኝ እንደሆነ አውቃለሁ። በሰው አገር ብቻዬን መርዶ እንዳልሰማ ብለህ ነው። ሁሉም ቤት እንዲህ እንደሚደረግም አውቃለሁ። ግን ፈተናውን ያለፍኩ ለት ደውዬ «ለእማዬ ንገርልኝ» ስልህ «እሺ፣ እነግራታለሁ» አልከኝ። ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስንት ጊዜ ልነግርህ ብዬ ትቼዋለሁ። አንተም ብቻህን ስታለቅስ እንደነበር ይገባኛል። ቢሆንም አብሬህ ማልቀስ ነበረብኝ።

አሁን ደግሞ እህቴ ባለፈው ሳምንት ስንጫወት «ከሐኪም ቤት ስንመለስ» ብላ ጀመረችና ዝም አለች። ከዚያ ስለ ጤፍ ዋጋ ታወራኝ ጀመር። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ። ስጨቀጭቃት ምርመራ እንዳደረግክና ውጤት እየጠበቅክ እንደሆነ ነገረችኝ። እንዳትቆጣት። አንተን ስጠይቅህ «ደህና ነኝ፣ ጉንፋን ነው» አልክ።

ጃፓኖች ግንብ ከውስጥ ተገፍቶ ሆዱ ወደ ውጭ ሲወጣ «አረገዘ» ነው የሚሉት። በጊዜ ያየ ሰው ይደርስለታል። ፈትተው፣ ድንጋዩን እያንዳንዱን ቁጥር ጽፈውበት፣ ወደ ቦታው ይመልሱታል። በ2016 የመሬት መንቀጥቀጥ የመታውን የኩማሞቶን ግንብ እንዲሁ እየመለሱት ነው፤ ገና አላለቀም። አንተ የሰው ግንብ ሲያብጥ ከመንገድ ማዶ ሆነህ ትለያለህ። ባለቤቱን ጠርተህ «ልጆችህን ከዚህ ሥር አታስተኛ» ስትል ሰምቻለሁ። ታዲያ ለእኔ ለምን አትነግረኝም?

የደም ግፊት መድኃኒቱን ግማሽ ግማሽ እያደረግክ ትውጣለህ አሉ። ለቁጠባ ከሆነ ተው፣ ገንዘብ ልኬያለሁ፤ ሰኞ ይደርሳል። ደረጃው ላይ መያዣ ብረት ይሠራ ብዬ ነበር፤ ተሠራ ወይ? ሌሊት ስትነሳ መብራት አብራ።

ለገና ቲኬት ቆርጫለሁ። ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ከታክሲ ስወርድ በራችን ላይ ድንኳን እንዳላይ እፈራለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። ክፉም ይሁን ደግ፣ ውጤቱን ከአንተ አፍ ልስማ። እሁድ በእናንተ ሰዓት ከቀኑ 9 ላይ እደውላለሁ። ስልኩን አንተ አንሳው፣ ለእህቴ አትስጣት።

ትልቋ የግንቡን ማዕዘን ስላልሃለች፤ ከደብዳቤው ጋር አለ። ሦስተኛው ድንጋይ የተገለበጠ ይመስለኛል። አንተ እይላትና ንገራት።

ናፋቂ ልጅህ