ተኝተሻል?

አንቺዬ፣ እንደምን ከረምሽ?

ስድስት ዓመት ሆነን። ቆጥሬዋለሁ። የመጨረሻው መልእክት ያንቺ ነው፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። እናትሽ ያረፉ ሰሞን የጻፍሽልኝ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ነገ እደውልላታለሁ ብዬ አደርኩ። ነገው ሳምንት ሆነ፤ ሳምንቱ ወር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። በሐዘንሽ ሳልደርስልሽ ቀረሁ። ይቅር በይኝ። ሰበብ ልደረድርልሽ አልፈልግም።

አሁንም የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው። ይህንንም አልደብቅሽም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። አዎ፣ ያቺው ክንድሽ ላይ ካልሆነ አልተኛም ትል የነበረችው። አሁን በቁመት በልጣኛለች። የዶርም ቅጽ ደርሷታል። ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ለብቻ ክፍል፣ ወይ ከሦስት የማታውቃቸው ልጆች ጋር በዕጣ። ለብቻ የሚለው ተጨማሪ ክፍያ ስላለው የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል። እስከ ሰኞ መመለስ አለበት። እሷ "ለብቻዬ" ብላለች። እኔ ብዕሩን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ልጅቷን ታውቂያታለሽ። ዝምተኛ ናት። ሰው ሲበዛባት ክፍሏ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ጓደኞቼ የምትላቸው ልጆች አስቀይመዋታል፤ ምን እንዳደረጓት እስካሁን በቅጡ አልነገረችኝም። ስለዚህ "ለብቻዬ" ስትል ቅብጠት እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ በሯን ዘግታ ዓመታት ስታሳልፍ ይታየኛል። ሌሊት ስታለቅስ፣ ማንም ሳይሰማት። እንቅልፍ የነሳኝ ይኼ ነው።

ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ከረምን። እኔ ደግሞ ሁሌም የምከራከረው ባንቺ ነው። ስለ አራታችን፣ ስለዚያ ክፍል። የረጅሟ እግር ከአልጋው ስለሚተርፍ ወንበር ስናስጠጋላት። ሎሬቷ በፈተና ሰሞን "ግጥሜን ካልሰማችሁ ማንም አይወጣም" ብላ በሩ ላይ ስትቆም። አንዷን ሶኬት በተራ ስንጠቀም፣ የተራውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ስንለጥፍ፣ በሦስተኛው ቀን አንቺ ስትቀጂው። (ቀድደሽዋል! ዛሬም አትክጂኝ።) ልጄ ትስቃለች። ስቃ ስትጨርስ "ለብቻዬ ነው" ትላለች።

ማስረጃም ፈልጌላታለሁ። አንድ ሌሊት ሳነብ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል በ2018 ያወጣውን ጥናት አገኘሁ። በቅርቡ የመኖሪያ ቦታ የቀየሩ ሰዎችንና አዲስ ገቢ ተማሪዎችን እየጠየቀ፣ ጓደኝነት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለመገመት ሞክሯል። እንዲሁ ለመቀራረብ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባባል 90 ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። አብሮ በመሥራት ወይም በመማር ያለፈው ሰዓት ያን ያህል አይቆጠርም። የሚቆጠረው ዝም ብሎ አብሮ መቀመጡ፣ ወሬው፣ ሳቁ ነው።

እስክሪብቶ አንስቼ የኛን አሰላሁት። መብራት ካጠፋን በኋላ በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ብቻ አውርተናል ብንል፣ 200 ሌሊት ሲሞላ አንደኛ ዓመትን ጨርሰናል ማለት ነው። ልክ ነው አይደል? ለረጅሙ እረፍት ስንለያይ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሽ ያለቀስሽው ያኔ ነው።

ይህንን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። "እማዬ፣ ከማልወደው ሰው ጋር 200 ሰዓት ልታሰር?" አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ግን ጭራሽ አፌን አስያዘችኝ። የልደት ምስክር ወረቀቷን ፍለጋ የድሮ ፋይሌን ስታገላብጥ ቆየችና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ጠርዙ ወይቧል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው።

እዚህ ላይ ብዕሬ እምቢ እያለኝ ነው። ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ መብራቱ ላውራሽ።

እኔ በጊዜ ካልተኛሁ አይሆንልኝም። አንቺ ደግሞ ሌሊት ካልሆነ ንባብ አይገባሽም። ከታች እኔ፣ ከላይ አንቺ። ሁሉም ሲተኛ ያንቺ ቀን ይጀምራል። እኔ ሻርፕ ዓይኔ ላይ አስሬ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ወረቀቶችሽ ከላይ እየተንሸራተቱ ፊቴ ላይ ያርፋሉ። ተኛች፣ ተገላገልኩ ስል ደግሞ በእንቅልፍሽ ፎርሙላ ትደግሚያለሽ። እሱንም አሳስተሽ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላም ሳንባባል ኖረናል። አራት እርምጃ በማትሞላ ክፍል ውስጥ ሰው ዘግቶ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም እኔና አንቺ እናውቃለን።

ወረቀቱ የዚያን ጊዜ ነው። በገባን በሁለተኛው ወር ለዶርሙ ኃላፊ፣ ለፕሮክተሯ የጻፍኩት ማመልከቻ። ክፍል ይቀየርልኝ ይላል። ስምሽን ከነአባትሽ ስም ጽፌዋለሁ። መብራት አታጠፋም፣ ዕቃዋን አትሰበስብም፣ ሌሊት ትለፈልፋለች፣ አብሬያት መኖር አልችልም። "አብሬያት መኖር አልችልም" የሚለው ሥር አስምሬበታለሁ። ሁለት ጊዜ።

ይኸው ነገርኩሽ። ከሃያ ዓመት በላይ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው።

ፕሮክተሯ "አሁን ባዶ አልጋ የለም፣ ሲገኝ እጠራሻለሁ" አለችኝ። በቃ። እኔንና አንቺን ያቆየን የአልጋ እጥረት ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይላወሳል። በዚያ ሳምንት አንዲት ልጅ ዊዝድሮው ሞልታ ብትወጣ ኖሮ፣ አንቺ ለኔ በኮሪደሩ የምታልፍ አንድ ሰው ነበርሽ።

ከዚያ ያቺ ሌሊት መጣች። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት የተለጠፈ ዕለት። ስሜን ከታች ጀምሬ ብፈልገው ይሻለኝ ነበር። ድምፄ እንዳይሰማ ብርድ ልብሱን በጥርሴ ነክሼ አለቅሳለሁ። መብራቱን አጠፋሽ። ማንም ሳይለምንሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ከላይ በሹክሹክታ "ተኝተሻል?" አልሽኝ። "አዎ" አልኩሽ። "የተኛ ሰው አዎ አይልም" አልሽና ወርደሽ እግሬ ሥር ተቀመጥሽ። ስለ ውጤቴ አንዲት ቃል አልጠየቅሽኝም። ድመታችሁ መሳቢያ ውስጥ ልብስሽ ላይ ስለወለደችው ነው ያወራሽኝ። ሳልወድ በግድ አሳቅሽኝ። ረጅሟ ነቅታ "አስተኙኝ!" ብላ ስትጮህ ይባስ ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ በየሌሊቱ ነው። "ተኝተሻል?" መልሱ ሁሌም አዎ ነው። ያላወራነው ነገር አለ? ትዳር ከያዝኩ በኋላ እንኳ በጨለማ ውስጥ እንደዚያ አውርቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ሲጀመር ፕሮክተሯ ጠራችኝ። "አልጋ ተገኝቶልሻል፣ ዕቃሽን ይዘሽ ነይ" አለች። "ይቅርብኝ" አልኳት። ወረቀቱን መለሰችልኝ። ያኔ መቅደድ ነበረብኝ። አንድ ቀን አሳይሻለሁ፣ እንስቅበታለን ብዬ ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ደግሞ ያ ትኩሳት ያዘኝ። አንቺና ረጅሟ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሦስት ፎቅ አወረዳችሁኝ። በማግስቱ ጠዋት ፈተና ነበረብሽ። ክሊኒኩ ወለል ላይ ተቀምጠሽ፣ ዓይኔን መግለጥ ስላቃተኝ የራሴን ኖት ጮክ ብለሽ እያነበብሽልኝ አደርሽ። ከዚያ በኋላ ያን ወረቀት እንዴት አድርጌ ላሳይሽ?

ልጄ አንብባ ጨረሰችና ቀና ብላ አየችኝ። "አየሽ፣ አንቺም አልፈለግሻትም" አለች። ቀጥሎ የሆነውን ነገርኳት። ሌሊቱን፣ ክሊኒኩን፣ ሁሉንም። ዝም ብላ ሰማችኝ። መጨረሻ ላይ "እሱ ያንቺ ዕድል ነው። የኔ እንደዚያ ባይሆንስ?" አለች።

ምን ልበላት? የጎረቤት ክፍሏ ልጅ ትዝ አለችኝ። አብረዋት የሚኖሩት እንዴት እንዳደረጓት፣ በዓመቱ አጋማሽ ሻንጣዋን ብቻዋን እየጎተተች ስትወጣ በመስኮት እንዴት እንዳየናት። ያንን ለልጄ አልነገርኳትም። መንገር ነበረብኝ ይሆን? እኛም እኮ ያኔ ወርደን ሻንጣዋን አላገዝናትም። ይኼም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል።

ሌላም ያነበብኩት ነገር አለ፤ ይኼኛው ከሁሉም በላይ ከነከነኝ። ብሩስ ሳሰርዶት የሚባል የኢኮኖሚክስ ሰው በ2001 ያወጣው ነው። አሜሪካ ያለው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ያኔ አዲስ ገቢዎቹን ይጠይቃቸው የነበረው ጥቂት ነገር ነው። ሲጋራ ታጨሳለህ? ስታጠና ሙዚቃ ትሰማለህ? ታመሻለህ? ንጽሕና ትወዳለህ? የሚመሳሰሉትን ይለያቸውና ከመሃላቸው በዕጣ ይደለድል ነበር። አብሮ የሚኖር ሰው በተማሪው ውጤት ላይ እንኳ አሻራ እንደሚተው ጥናቱ አሳይቷል። ውጤቱስ እሺ፤ የኔን ውጤት ማን እንዳነሳው አንቺ ታውቂያለሽ። እኔን የያዘኝ ጥያቄዎቹ ናቸው። ለኛ እነዚያን ጥያቄዎች ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ እኔ "አላመሽም፣ ንጽሕና እወዳለሁ" እላለሁ። አንቺ ተቃራኒውን ትሞያለሽ። አንድ ሕንፃ ላይ እንኳ አያደርጉንም ነበር። ልጄ ያንን ቅጽ በሞላች ቁጥር አንዲት አንቺን የምትሰርዝ ይመስለኛል። ደግሞ በግድ አስገብቻት ብትጎዳስ? እንዲህ እያልኩ ይነጋል።

ስለዚህ የምለምንሽ ይኸውልሽ። ቅዳሜ ማታ ደውዪላትና አውሪያት። አሳምኚልኝ አላልኩም። እውነቱን ንገሪያት። ከኔ ጋር መኖር ምን ያህል ከባድ እንደነበርም ንገሪያት። ገና ሳይነጋ የምትጮኸውን ሰዓቴን፣ ልብስሽን ሳላስፈቅድሽ አጣጥፌ የት እንዳስቀመጥኩት ስለሚጠፋኝ ያበድሽውን። እሱን ከኔ አፍ ስትሰማው አታምነኝም። ካንቺ ሰምታም "ለብቻዬ" ካለች እፈርማለሁ። ቃሌ ነው።

የኔ ነገር ደህና ነው። ሥራው ያው ነው፣ ጸጉሬ ሸብቷል፣ ሌላው ይቆየን። ሎሬቷን ዓምና በስልክ አግኝቻት ነበር፤ ግጥሙን አልተወችውም፣ ስልኩን ሳልዘጋ አንድ አነበበችልኝ።

ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ልቅደደው ወይስ ልላክልሽ? አንቺ ያልሽው ይሁን።

ከልጄ ጋር ስትጨርሺ ደግሞ ስልኩን ለኔ እንድትሰጥ ንገሪያት። ስለ እናትሽ አጫውቺኝ። እንዴት እንደነበሩ፣ መጨረሻቸው እንዴት እንደሆነ፣ አንቺ እንዴት እንደቻልሽው። ስድስት ዓመት ዘግይቻለሁ፣ አውቃለሁ። ግን መስማት እፈልጋለሁ።

ቁጥሬ አልተቀየረም። ከተቻለሽ ከሦስት ሰዓት በፊት ይሁን፤ አሁንም በጊዜ ነው የምተኛው። ካመሸብሽም ግን ደውዪ። ቀስቅሺኝ።

የታችኛዋ አልጋ