የመርሳት በሽታ የደም ምርመራ፦ ከቁጥሩ በፊት የሚጠየቀው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«አልዛይመር በደም ምርመራ ሊታወቅ ነው» የሚለው ዜና በተደጋጋሚ እየተነገረ ነው። ዜናው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሲነገር ግማሹ ይቀራል። ለልዩ ምርመራ የተቀዳን ደም ወደ ውጭ አገር መላክ በከተማችን የተለመደ ነውና፣ ይህም ምርመራ በዚያው መንገድ ከጥቁር አንበሳ አካባቢና ከሜክሲኮ ላቦራቶሪዎች ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። ቤተሰቦች ብዙ ብር ከፍለው የማይረባ ቁጥር ይዘው እንዳይመለሱ፣ የቀረውን ግማሽ አንባቢዎቻችሁ እንዲያውቁት እንፈልጋለን።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የፈቀደው የፉጂሬቢዮ ኩባንያ ሉሚፐልስ ምርመራ በደም ውስጥ ያሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ይለካል፤ ፒ-ታው 217 እና አሚሎይድ ቤታ 42። አሚሎይድ በአልዛይመር ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው ፕሮቲን ነው። ውጤቱ ፒ-ታው 217 ለአሚሎይድ ቤታ 42 ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ፈቃዱ የተሰጠው ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ የመርሳት ምልክት ታይቶባቸው በስፔሻሊስት ለሚመረመሩ ሰዎች ብቻ ነው። በቀረበው የ499 ናሙና ጥናት፣ «አለ» ከተባሉት 91.7 በመቶው ላይ አሚሎይድ በአንጎል ምስል ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ተረጋግጧል፤ «የለም» ከተባሉት 97.3 በመቶው ነጻ ሆነው ተገኝተዋል። ከ20 በመቶ ያነሱት ደግሞ ወደየትኛውም ወገን ሊመደቡ አልቻሉም።

ይህ ውጤት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ምንም ሕመም የሌለውን ሰው ብንመረምርበት ጥሩነቱ ይጠፋል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ምርመራው ካለባቸው 90 በመቶውን፣ ከሌለባቸውም 90 በመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። ምልክት ካላቸው 100 ታካሚዎች 60ዎቹ በሽታው ካለባቸው፣ 54ቱን በትክክል ይይዛል፤ በስህተት «አለባችሁ» የሚላቸው 4 ብቻ ናቸው። ምልክት የሌላቸው 1,000 ሰዎች ቢመረመሩና በሽታው በ50ዎቹ ላይ ብቻ ቢኖር ግን፣ 45ቱን ሲይዝ 95 ሰዎችን በስህተት ያስደነግጣል። ስለዚህ «ለማንኛውም ልመርመር» ብሎ የሚሄድ ሰው ጥርጣሬ ገዝቶ ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረውና ውጤቱን በብርቱ የሚያበላሸው ደግሞ የደሙ አያያዝ ነው። ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ በያዘ ቱቦ ነው። ሰማያዊ ክዳን ያለው ቱቦ በውስጡ ፈሳሽ ሲትሬት ስላለ ደሙን አቅጥኖ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል፤ ከረጋ ደም የሚወጣው ሴረምም ካልረጋ ደም ከሚለየው ፈሳሽ፣ ከፕላዝማ፣ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጥም። ቱቦው እስከ ምልክቱ መሞላት አለበት፤ ወዲያው ከ5 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም፤ ሲናጥ ቀይ የደም ሕዋሳት ይፈነዳሉ። ከዚያ ቢቻል በሁለት ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፊውጅ ለ10 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ፕላዝማው ሲወሰድ በቀይ ሕዋሳቱ ላይ ከሚሠራው ነጭ ሽፋን በላይ ጥቂት ማስቀረት ያስፈልጋል፤ ተጣድፎ እስከ ታች መምጠጥ ሕዋሳትን ይዞ ይመጣል።

አሚሎይድ ቤታ በፕላስቲክና በመስታወት ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ፕላዝማው ከቱቦ ወደ ቱቦ በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ይቀንሳል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ፖሊፕሮፒሊን በተባለው፣ ያነሰ በሚያጣብቅ የፕላስቲክ ዓይነት ጠርሙስ፣ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ ይቀመጣል። በክፍል ሙቀት ሲቆይም ፈጥኖ የሚወርደው እሱ ነው፤ ፒ-ታው የተሻለ ይታገሣል። አንዱ ወርዶ ሌላው ባለበት ሲቀር የሁለቱ ንጽጽር ወደ «አለ» ያዘነብላል። ጠዋት የተቀዳ ደም ሳይሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ውሎ ማታ ቢላክ፣ ጤነኛው ሰው ታማሚ ሊመስል ይችላል ማለት ነው።

ማስቀመጫው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዜሮ በታች 20 ለጥቂት ቀናት ያህል ያገለግል ይሆናል፤ ነገር ግን በረዶውን በራሱ የሚያቀልጠው የቤት ማቀዝቀዣ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በየዑደቱ ሞቅ እያለ ናሙናውን ሳይታወቅ ያለሰልሰዋል። መብራት ሲጠፋ በሩን አለመክፈት፣ ማቀዝቀዣውን ባዶ ቦታ እንዳይኖረው በበረዶ ጥቅሎች መሙላት፣ ከሁሉም በላይ በባትሪ የሚሠራና ሙቀቱን በየደቂቃው የሚመዘግብ መሣሪያ ውስጡ ማኖር ይጠቅማል። ጄነሬተር ቢኖርም መዝገቡ ከሌለ ቅዳሜ ሌሊት የሆነውን ሰኞ ጠዋት ማንም አያውቅም። ወደ ውጭ ሲላክም ደረቅ በረዶው ለጉዞው ብቻ ሳይሆን ጉምሩክ ላይ ለሚቆይበት ጊዜም ጭምር ይሰላ።

ደሙ በትክክል ተይዞም ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ኩላሊት ሲደክም ፒ-ታው 217ም፣ የነርቭ ጉዳትን የሚያሳየው ኒውሮፊላመንት ላይትም በደም ውስጥ ይጨምራሉ። የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ኩላሊታቸውን የጎዳባቸው አረጋውያን በከተማችን ጥቂት አይደሉም። እማማ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬአቲኒናቸው ሳይታይ «አልዛይመር አለባቸው» መባል የለባቸውም። ከዚያም በፊት በርካሽ የሚታወቁትንና የሚታከሙትን መለየት ይገባል፦ የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ድባቴ፣ ከወደቁ በኋላ ቀስ ብሎ ራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም። ይህ የመጨረሻው በሲቲ ስካን ይታያል። «ጃጅተዋል» ተብለው ቤት የተቀመጡ አባባ ታክመው የሚድኑ ሊሆኑ ይችላሉና፣ ይህን ሳያዩ ወደ ውዱ ምርመራ መሮጥ ያሳዝነናል።

የዘረመል ምርመራው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አፖ-ኢ የሚባለው ዘረመል በክሮሞዞም 19 ላይ ይገኛል፤ ኢ2፣ ኢ3 እና ኢ4 የሚባሉ ዓይነቶች አሉት። ዝርያቸው ከአውሮፓ በሆነ ሰዎች ዘንድ አንድ ኢ4 መያዝ አደጋውን ወደ ሦስት እጥፍ፣ ሁለት መያዝ ወደ ስምንት እጥፍና ከዚያ በላይ ያደርሰዋል። በናይጄሪያ ኢባዳን በዮሩባ አረጋውያን ላይ በተደረገው የረዥም ጊዜ ጥናት ግን የኢ4 ጉዳት በጣም የደከመ ሆኖ ተገኝቷል። በኋላ የመጡ ጥናቶች በዘረመሉ ዙሪያ ያለው የክሮሞዞም ክፍል ከየት እንደተወረሰ ልዩነት እንደሚያመጣ አሳይተዋል። የብዙ ኢትዮጵያውያን ዘረመል ደግሞ የአፍሪካና የምዕራብ እስያ ቅይጥ ነው። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ቁጥር ለእኛ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ነው። አፖ-ኢ ምልክት ለሌለው ሰው መመርመሩ ዛሬ የሚሰጠው ሕክምና የለም፤ ጭንቀቱ ግን ለልጆቹም ይተርፋል።

ልዩ የሆነ ጉዳይ አለ። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ ሰዎች ከ65 ዓመት በፊት፣ በ40ዎቹና በ50ዎቹ፣ ከታመሙ ኤፒፒ፣ ፕሬሰኒሊን 1 እና ፕሬሰኒሊን 2 የተባሉት ዘረመሎች መታየት አለባቸው። ከጠቅላላው ሕሙማን ከ1 በመቶ በታች ናቸው፤ ነገር ግን ለውጡ ካለ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ምክር ከምርመራው በፊትም በኋላም ይሰጣል፤ ማወቅ የማይፈልግ ልጅም መብቱ ይከበርለት።

ለሕክምናው በቀጥታ የሚጠቅም ሌላ ዘረመል እያለ ግን ማንም አያነሳውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ዘረመል ተደጋግሞ እንደሚገኝባቸው፣ በዚህም የተነሣ አንዳንድ መድኃኒቶችን እጅግ በፍጥነት እንደሚያስወግዱ አሳይቷል። ለመርሳት በሽታ የሚታዘዘው ዶኔፔዚል ከሰውነት ከሚወገድባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። «መድኃኒቱ አልሠራም» ሲባል መጠኑ ቶሎ ታጥቦ ይሆን ብሎ መጠየቅና ማጥናት ለአገራችን ተመራማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።

የራሳችን ማነጻጸሪያ እንዲኖረን ጥናቱ የሚጀምረው ከደሙ ሳይሆን ከጥያቄው ነው። ፊደል ላልቆጠሩ አረጋውያን ጽሑፍና ሒሳብ የሚጠይቅ ፈተና ጤነኛውንም ይጥለዋል። በታንዛኒያ የተዘጋጀው አይዲያ (IDEA) የተባለ የማስታወስ መፈተኛ መጠይቅ ቃላትን ማስታወስ፣ እንስሳትን መጥራትና በክብሪት እንጨት ቅርጽ መሥራት ያስፈትናል፤ ብዕር አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ወደ አማርኛና ሌሎች ቋንቋዎቻችን አስተካክሎ፣ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ክሬአቲኒን ለክቶ፣ ተመሳሳይ ናሙናን በአንድ አሠራር አስቀምጦ መጀመር ይቻላል። ናሙናው ከአገር የሚወጣ ከሆነ ስምምነቱ መረጃው ለኢትዮጵያውያን አጥኚዎች የሚመለስበትን ቀን ይጥቀስ።

ላቦራቶሪዎቹ በውጤት ወረቀቱ ላይ የቱቦውን ዓይነት፣ ደሙ የተቀዳበትንና የተሽከረከረበትን ሰዓት፣ የመሣሪያውን ስምና የመለያ ቁጥሩን እንዲጽፉ እንጠይቃለን። የዝግጅት ክፍላችሁም ስለ ምርመራው በጻፈ ቁጥር ለማን እንደተፈቀደ በመጀመሪያው አንቀጽ ቢያስቀምጥልን እናመሰግናለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የላቦራቶሪና የነርቭ ሕክምና ባለሙያዎች
ልደታ፣ አዲስ አበባ