ስለ ኮች ፕራይም መነጽር በቃን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

የስፖርት ገጻችሁ ስለ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ባወጣው ጽሑፍ ላይ ቅሬታ አለኝ። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች “ኮች ፕራይም” ስለሚባለው አሰልጣኝ ስለ ዲዮን ሳንደርስ ነው። መነጽሩ፣ ኮፍያው፣ የአንገት ወርቁ፣ ንግግሩ። ቡድኑ 12 ጊዜ ተጫውቶ 4 ማሸነፉና 8 መሸነፉ በአንድ መስመር ታልፏል። ለምን እንደተሸነፈ ጭራሽ አልተነሳም። እኔ የምኖረው አውሮራ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ያለበት ቦልደር ሩቅ አይደለም። ዘንድሮ እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ የኮሌጅ ፉትቦል ተንታኝ ሆኗል። እስቲ እኔም የበኩሌን ልበል።

ነገሩን ላልተከታተለ አንባቢ ባጭሩ ላስታውስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ2022 ኮሎራዶ 1 አሸንፎ 11 ተሸነፈ። አሰልጣኙ ካርል ዶረል ወቅቱ ሳይጋመስ ተሰናበተ። በ1990 የአገር ዋንጫ ለወሰደ ቡድን ይሄ ውርደት ነበር። በዲሴምበር ሳንደርስ ከጃክሰን ስቴት መጣ፤ የ5 ዓመት ውል፣ 29.5 ሚሊዮን ዶላር።

መጀመሪያው ግሩም ነበር። ሴፕቴምበር 2፣ 2023 ቴክሳስ ሄዶ ቲሲዩን (ቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲን) 45 ለ 42 አሸነፈ። ቲሲዩ ማለት ባለፈው ወቅት ለፍጻሜ የደረሰ ቡድን ነው። የአሰልጣኙ ልጅ ሸዱር፣ ኳስ ወርዋሪው (ኳርተርባኩ)፣ በዚያ ጨዋታ በውርወራ 510 ያርድ አስገኘ፤ የዩኒቨርሲቲው ሪከርድ ነው። ትራቪስ ሃንተር በማጥቃቱም በመከላከሉም ሲሮጥ ዋለ። ቀጥሎ ነብራስካ ወደቀ። ከዚያ ኮሎራዶ ስቴት፣ በሁለተኛ ጭማሪ ሰዓት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ። ሦስት ለዜሮ! የኮሎራዶ ስታዲየም የፎልሰም ፊልድ ቲኬት ወቅቱን ሙሉ ተሸጦ አለቀ። ሃቫና ጎዳና ላይ ባሉት ካፌዎቻችን ቅዳሜ ጠዋት ለአርሰናል የሚከፈተው ቴሌቪዥን ማታም አልዘጋ አለ።

ከዚያ ኦሪገን መጣ። በእረፍት 35 ለ 0፣ በመጨረሻ 42 ለ 6። ከዚህ በኋላ የተገኘው ድል አንድ ብቻ ነው፣ አሪዞና ስቴት ላይ።

ታዲያ ምን ሆነ? የሳንደርስ ወዳጆች “ጊዜ ስጡት” ይላሉ። የማይወዱት ደግሞ “አፉ እንጂ ሥራው የታል” ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚያየው አንድ ሰው ነው። እኔ አምስት ሰዎች እያየሁ ነው የከረምኩት። ከኳርተርባኩ ፊት ተደርድረው የሚቆሙት አምስቱ ግዙፎች፣ ኦፌንሲቭ ላይን የሚባሉት። ኳስ ይዘው አይሮጡም፣ ካሜራም አይከተላቸውም። ኳርተርባኩ ኳሱን እስኪወረውር ሦስት ሰከንድ ይገዙለታል፣ በቃ። ያቺ ሦስት ሰከንድ ግን ለሸዱር አልተገኘችም። ኳሱን ሳይለቅ 52 ጊዜ መሬት ላይ ተጥሏል። ከዩሲኤልኤ ጋር ብቻ 7 ጊዜ። እንዲያም ሆኖ 27 ታችዳውን (እንደ ጎል ያለ ነው) ወርውሮ የተቀማው 3 ኳስ ነው። ልጁ ምን ያድርግ? በመጨረሻ ጀርባው ተሰንጥቆ የዩታውን ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ።

ሳንደርስ ከ80 በላይ አዲስ ተጫዋች ነው ያመጣው፣ አብዛኛውን በትራንስፈር ፖርታል፣ ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች በሚመዘገቡበት ዝርዝር። ፈጣን ሯጭ፣ ኳስ ቀላቢ፣ የኋላ ተከላካይ በአንድ ክረምት ተሰብስቦ ሊያበራ ይችላል። ሃንተርን አይታችኋል። የፊት መስመር ግን እንዲያ አይሠራም። ተቃራኒው ቡድን ቦታ ሲቀያይር አምስቱ ማን ማንን እንደሚይዝ በዓይን መግባባት አለባቸው። ይሄ አብሮ በመክረም የሚመጣ ነው። በዚያ ላይ ጥሩ መስመር ያለው ትምህርት ቤት ልጆቹን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ፖርታሉ ላይ የሚገኘው ሌላው የተወው ነው። አንዳንዶቹ ከአጥቂ ክፍሉ አስተባባሪ ከሾን ሉዊስ ጋር ከኬንት ስቴት የመጡ ናቸው።

ሳንደርስ በኖቬምበር ጨዋታ የመጥራቱን ሥራ፣ ማለት በየቅጽበቱ ምን እንደሚሞከር የመወሰኑን፣ ከሉዊስ ቀምቶ ለፓት ሸርመር ሰጠ። ይሄን እስካሁን አልገባኝም። ችግሩ ያለው ፊት ላይ፣ የተቀየረው ግን የጨዋታውን ወረቀት የያዘው ሰው ነው። ምንም አልተለወጠም፤ ዋሽንግተን ስቴት 56 ለ 14 ቀጣን።

በርግጥ ጥፋቱን ሁሉ መስመሩ ላይ መጫን አይቻልም። ሃንተር ከኮሎራዶ ስቴት ጋር ጉበቱ ተጎድቶ ሦስት ጨዋታ አልፎታል። የስታንፎርዱ ዓርብ ማታ ደግሞ የተከላካዮቹ ዕዳ ነው። 29 ለ 0 እየተመሩ እረፍት የወጡት ስታንፎርዶች 46 ለ 43 አሸንፈው ሄዱ። ኤሊክ አዮማኖር የሚባለው ልጅ ብቻውን 294 ያርድ ሰበሰበ። ስንት ሰው በእረፍት ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ተኝቶ ጠዋት ሲሰማ አላመነም።

ሌላው ጽሑፋችሁ የዘለለው የተሰናበቱትን ነው። ሳንደርስ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ነባሮቹን ወደ ፖርታሉ እንዲገቡ ነገራቸው፤ ቪዲዮው ለሕዝብ ተለቋል። ከነባሮቹ ባለ ስኮላርሺፕ ተጫዋቾች የቀሩት 10 ገደማ ናቸው። ይሄ ለኛ ወላጆች የሚያገባን ነገር ነው፤ ልጆቻችን በየሃይስኩሉ ፉትቦል እየገቡ ነው። አንድ ልጅ እናቱ ቤት ሳሎን መጥቶ ለለመነው አሰልጣኝ ፈርሞ፣ በሁለተኛ ዓመቱ ሌላ አሰልጣኝ “አልፈልግህም” ሊለው ይችላል። በትልልቆቹ ኮንፈረንሶች (የዩኒቨርሲቲዎች ሊጎች) ከ2015 ወዲህ በችሎታ ምክንያት ስኮላርሺፕ መንጠቅ አይፈቀድም። ልጁ እዚያው መማር ይችላል ማለት ነው። ግን ስንቱ ወላጅ ይሄን ያውቃል? ጋዜጣ ካልጻፈው ማን ይንገረን?

እኔ ሳንደርስን አልጠላም። 1 ያሸነፈውን ቡድን 4 አድርሶታል፤ ከተማውንም ቀስቅሶታል። ስፖርትስ ኢላስትሬትድ የዓመቱ ሰው ሲለው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳቄ መጣ።

ሰውየው ራሱ ቀዳዳው የት እንደሆነ ገብቶታል። ከዩሲኤልኤው ሽንፈት በኋላ አዲስ የመስመር ሰዎች አመጣለሁ ብሎ ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ጆርዳን ሲተን፣ ከአገሪቱ ምርጥ የሃይስኩል ታክሎች (የመስመሩ ዳርና ዳር የሚቆሙት) አንዱ፣ ኮሎራዶን መርጫለሁ ብሎ በቴሌቪዥን ተናግሯል። የዲሲ ልጅ ነው፤ የዲሲ አንባቢዎቻችሁ ሳያውቁት አይቀርም። አንድ ሰው ነው እንግዲህ፣ ያውም ጀማሪ። የቀሩትን አራቱን ከየት እንደሚያመጣ የስፖርት ክፍላችሁ ተከታትሎ ቢጽፍልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ
ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ
ዲሴምበር 2023