የአሸተን ማርያም ብራና ለፎቶ ሲባል ፀሐይ ላይ አይውጣ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ጥር ከእናቴ ጋር ከላሊበላ ተነስተን አሸተን ማርያምን ለመሳለም ወጥተን ነበር። በበቅሎ የመጣውም በእግሩ የሚወጣውም የገብስ ማሳዎቹን አልፎ አቀበቱን ሲጨርስ፣ ዓለቱን ሰንጥቆ በሚያልፍ ጠባብ መተላለፊያ በኩል፣ በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን እንደታነጸች በትውፊት ወደሚነገርላት፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል። የላሊበላ ከተማ ከእግር ሥር ተዘርግታ ትታያለች፤ እናቴ ግን አንዴም ቁልቁል ሳታይ ፊቷን ወደ ደጁ አዙራ ትጸልይ ነበር።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። እኛ ተሳላሚዎቹ የጥንቱን መጽሐፍ እንድናይ ስንለምን፣ አባ ከዕቃ ቤት አምጥተው ከማኅደሩ አወጡትና በሩ ላይ ቆመው ገለጡልን። የገጾቹ ጥግ ከአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል፤ የእመቤታችን ሰማያዊ ልብስ ጉልበቷ ላይ ቀለሙ ተልጦ ባዶው ብራና ይታያል። አንዱ «አባ፣ ትንሽ ወደ ብርሃኑ» ሲላቸው አንድ እርምጃ ወጡ፤ ሌላው ሲደግምላቸው ሌላ እርምጃ ጨመሩ፤ በመጨረሻ መጽሐፉ በቀትር ፀሐይ ተገልጦ የስልክ ፍላሽ ሲበራበት ቆየ። አባን አልወቅስም፤ እንግዳ አሳፍሮ መመለስ አይሆንላቸውም። ጥፋቱ የእኛ የጠያቂዎቹ ነው።

ብራና የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይለጠጣል፤ በላዩ ያለው ቀለም ግን አብሮት ስለማይለጠጥ ይሰነጠቅና ይረግፋል፤ በብርሃን የደበዘዘ ቀለምም ተመልሶ አይደምቅም። በፈረንጆቹ 1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በከተማው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ አሸተን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመጠበቅ ግዴታ በባለይዞታው ላይ ይጥላል፤ በተራራ ራስ ላይ ያለ ባለይዞታ ደግሞ ጥቂት ካህናት ናቸው።

ስለዚህ መጽሐፉና ሥዕሎቹ አንድ ጊዜ በባለሙያ በጥራት ፎቶ ተነስተው፣ ታትመው በደጀ ሰላሙ ቢቀመጡና ተሳላሚው እነሱን አገላብጦ ቢያይ መልካም ነው። ሀገረ ስብከቱና የሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት በዚህ ይተባበሩ። አስጎብኚዎችም አቀበቱ ሳይጀመር ለእንግዶቻቸው ይንገሩ፤ ለካህናቱ የሚሰጠው ስጦታም ፎቶ ተነሳ አልተነሳ አይቀነስ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ